የዋልያ ቀንድ ያለው የሹራብ ኮፍያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የዋልያ ቀንድ፣ ጆሮና ጺም ያለውን የደጋፊ ኮፍያ በእጃቸው መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በፊት ተራ የሹራብ ኮፍያ የሠራ ማንኛውም ሰው ሊከተለው እንዲችል ልኮቹና ቁጥሮቹ ተዘርዝረዋል። አብዛኛው ማብራሪያ ግን ስለ ቀንዱ ነው፤ ኮፍያው የሚያምረውም ሆነ የሚበላሸው በቀንዱ ነውና። ከዚህ በታች «ቀለበት» ሲባል በመርፌው ላይ የተቀመጠች አንዲት የክር ዓይን፣ «ዙር» ሲባል ደግሞ ከመነሻው ተነሥቶ ሁሉንም ቀለበት አዳርሶ ወደ መነሻው የሚመለስ ሥራ ማለት ነው።

ከእንስሳው መልክ የትኛው ክፍል ኮፍያው ላይ መታየት አለበት?

ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድንም በእርሱ ስም ስለሚጠራ፣ ለደጋፊ ኮፍያ ከዚህ የቀረበ ምልክት ማግኘት ያስቸግራል። ወንዱ ዋልያ ወደ ኋላ የተቆለመመ ረጅም ቀንድ፣ በቀንዱ የፊት ገጽ ላይ ተራ በተራ የተደረደሩ ጉጦች፣ ጥቁር ጺምና ወደ ቸኮሌት የሚያደላ ቡናማ ጸጉር አለው፤ አፍንጫው አካባቢ ግራጫ ሲሆን ሆዱ ነጣ ይላል። ከእነዚህ መካከል ኮፍያው ላይ የግድ መታየት ያለባቸው ሦስቱ፣ ማለትም የቀንዱ አቅጣጫ፣ ጉጡና ቡናማው ቀለም ናቸው። ዓይንና አፍንጫ መጨመር የሚወድ ሰው መጨመር ይችላል፤ ይሁንና በእኛ አስተያየት ፊት የተጨመረበት ኮፍያ ከዋልያ ይልቅ የልጆች አሻንጉሊት ይመስላል። የሚለብሰው ሰው ፊት ራሱ ከሥር ስላለ ቀንዱና ጆሮው በቂ ናቸው።

ሴቷም ቀንድ አላት፤ የእርሷ ግን አጭርና ቀጭን ነው፣ ጺምም የላትም። ለትንንሽ ልጆች በሚሠራ ኮፍያ የሴቷን መልክ መከተል ሥራውን ያቀላል፣ ክብደቱንም ይቀንሳል።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ለኮፍያው አካል ውፍረቱ መካከለኛ የሆነ ቡናማ ክር 100 ግራም፣ ለሁለቱ ቀንዶች ጥቁር ግራጫ ወይም አመድማ ክር ከ25 እስከ 30 ግራም፣ ለጺሙ ደግሞ ጥቂት ጥቁር ክር ይዘጋጃል። የአንድ ጎልማሳ ኮፍያ 100 ግራሙን አይጨርሰውም፤ የሚተርፈው ለጆሮዎቹና ከውስጥ ለሚገባው መደገፊያ ይሆናል። ከመሣሪያዎቹ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በገመድ የተያያዘ ክብ የሹራብ መርፌ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ባለ ሁለት ጫፍ አምስት መርፌዎች፣ ጫፉ ያልሾለ ትልቅ የስፌት መርፌ፣ ሜትር፣ ጥቂት መርፌ ቁልፍና ለመሙያ የሚሆን የትራስ ፋይበር ያስፈልጋሉ። የኮፍያው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀለበቶቹ ለክቡ መርፌ ስለሚያንሱ ባለ ሁለት ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር መርፌዎችም ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ ከሌሉ በ4 ሚሊ ሜትሮቹ መጨረስ ይቻላል፣ ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም።

ሱፍ፣ ጥጥ ወይስ አክሪሊክ?

መልሱ ኮፍያው በሚለበስበት ቦታ ይወሰናል። በደጋ አገርና በክረምት ለሚለበስ ሱፍ የሚወዳደረው የለም፤ የመለጠጥና ወደ ቦታው የመመለስ ባሕርይ ስላለው ቀንዱን ተሸክሞ ጭንቅላት ላይ ይጸናል። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ በየገበያው በብዙ ቀለም ይገኛል፣ ለልጆችም በቀላሉ ይታጠባል። ጥጥ ቀዝቃዛና ምቹ ቢሆንም እንደ ሱፍ አይለጠጥም፣ ክብደትም አለው፤ ስለዚህ በጥጥ የሚሠራ ኮፍያ ከተለመደው በአንድ ደረጃ መጥበብ፣ ቀንዱም ማጠር ይኖርበታል።

ሞቃት ቦታ ላይ ያሉ ደጋፊዎች ይህን ጉዳይ ችላ ሊሉት አይገባም። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ የሚያካሂዱት የእግር ኳስ ውድድር የሚውለው በሐምሌ ወር መጀመሪያ፣ በበጋ ሙቀት መካከል ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሙቀቱ ከዚያም ይብሳል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ሙሉ ኮፍያ ከመሥራት ይልቅ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግንባር ማሰሪያ በጥጥ ሠርቶ ትንንሽ ቀንዶችን እዚያ ላይ መስፋት ይመረጣል፤ የጭንቅላቱ አናት ክፍት ስለሚሆን ለባሹ ዘጠና ደቂቃውን በሰላም ይጨርሳል።

በስንት ቀለበት ልጀምር?

ኮፍያው ከጭንቅላቱ ዙሪያ ልክ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ያህል መጥበብ አለበት፤ ተለጥጦ ካልያዘ ቀንዱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌና በመካከለኛ ክር 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 18 ቀለበትና 24 ዙር ይገባል ብለን ስንነሣ፣ የጭንቅላቱ ዙሪያ 56 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጎልማሳ 88 ቀለበት ይበቃል። ለሰፊ ጭንቅላት 96፣ ለአምስት ዓመት ልጅ 80፣ ለአንድ ዓመት ሕፃን 72 ይጫናል። አራቱም ቁጥሮች ለ8 የሚካፈሉት በአጋጣሚ አይደለም፤ የኮፍያው አናት ሲጠብ በስምንት እኩል ክፍል ተከፍሎ ስለሚቀነስ፣ ጠርዙም ሁለት በሁለት እየተፈራረቀ ስለሚሠራ ነው።

የእጅ አጠባበቅ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ በ24 ቀለበት ትንሽ ቁራጭ ሠርቶ በመሃሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለክቶ ቀለበቶቹን መቁጠር ይገባል። ቁጥሩ 20 ከሆነ ወፍራም መርፌ፣ 16 ከሆነ ቀጭን መርፌ ይያዙ። ናሙናውን መዝለል የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ጠርዙን ከጨረሰ በኋላ ራሱ ላይ አድርጎ ይሞክረው።

የኮፍያው አካል እንዴት ይሠራል?

88ቱን ቀለበት ጭነው፣ እንዳይጠማዘዙ አስተካክለው በዙር ያያይዙ። ሁለት ቀለበት በቀጥታ፣ ሁለት ቀለበት በግልባጭ እያፈራረቁ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሥሩ፤ ይህ ጠርዝ በመጨረሻ ወደ ውስጥ ታጥፎ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ድርብ ጠርዝ ማድረጉ ለጌጥ አይደለም፤ ቀንድ የሌለው ኮፍያ በነጠላ ጠርዝ ሊቆም ይችላል፣ ባለ ቀንዱ ግን ግንባር ላይ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በቀጥታ ቀለበት ይቀጥሉ፤ ጠርዙ ታጥፎ ሲለካ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መቀነስ ይጀመራል።

በመጀመሪያው የመቀነሻ ዙር ዘጠኝ ቀለበት ሠርተው ሁለቱን በአንድነት ይሥሩ፤ ይህ ስምንት ጊዜ ሲደጋገም 80 ቀለበት ይቀራል። ቀጣዩ ዙር ሳይቀነስ ይሠራል። በሚቀጥለው ስምንት ሠርተው ሁለቱን በአንድነት፣ እንዲህ እያሉ አንድ ዙር እየቀነሱ አንድ ዙር እያሳለፉ 40 ቀለበት እስኪቀር ይሂዱ። ከ40 በኋላ በየዙሩ ይቀንሱ። ስምንት ቀለበት ሲቀር ክሩን ቆርጠው በስምንቱም ውስጥ አሳልፈው አጥብቀው ይሰሩት። አጠቃላይ ቁመቱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ 19፣ ለአንድ ዓመት ሕፃን 16 ሴንቲ ሜትር በቂ ስለሆነ መቀነሱን ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ቀንዱ እንዴት ተሠርቶ ነው ወደ ኋላ የሚቆለመመው?

ብዙ ሰው ቀጥ ያለ ቱቦ ሠርቶ፣ ሞልቶ፣ ከዚያ በክር ጎትቶ ወይም ሽቦ አስገብቶ ሊያጎብጠው ይሞክራል። እንዲህ የተሠራ ቀንድ መታጠፊያው ላይ ይጨማደዳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ተመልሶ ይቃናል። መቆልመሙ ከሥራው ጋር አብሮ መግባት አለበት። መንገዱም የቀንዱ አንድ ጎን ከሌላው ጎን ይበልጥ እንዲረዝም ማድረግ ነው፤ የውጩ ጎን ትርፍ ረድፎች ሲኖሩት ቱቦው ሳይወድ በግዱ ወደ አጭሩ ጎን ይጎብጣል።

በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 24 ቀለበት ጭነው በዙር ያያይዙ። የመጫኛው ክር ጅራት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅር፤ በኋላ መስፊያ ይሆናል። ቀጭኑ መርፌ የተመረጠው ሥራው ጠጥሮ መሙያው በቀለበቶቹ መካከል እንዳይታይ ነው። 24ቱን ቀለበት በሐሳብ ሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 12 የውጭ ግማሽ፣ ቀሪዎቹ 12 የውስጥ ግማሽ ናቸው። በመካከላቸው ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ምልክት አድርገው ያንጠልጥሉ።

ቀንዱ ስድስት ስድስት ዙር ባላቸው ዘጠኝ ምዕራፎች ይሠራል። በእያንዳንዱ ምዕራፍ አንደኛውና ሁለተኛው ዙር ተራ ናቸው። በሦስተኛው ዙር መነሻ ላይ ትርፉ ረድፍ ይገባል፤ የውጩን ግማሽ አንድ ቀለበት ሲቀረው ድረስ ይሥሩና ሥራውን አዙረው ይያዙ። ክሩን ወደ ፊት አምጥተው የመጀመሪያዋን ቀለበት ሳይሠሩ ወደ ሌላው መርፌ ያሳልፏት፤ ከዚያ ክሩን በመርፌው ላይ ወደ ኋላ አጥብቀው ሲጎትቱት ያቺ ቀለበት ሁለት እግር አውጥታ ትታያለች። በግልባጭ እየሠሩ ወደ መነሻው ይመለሱ፤ አንድ ቀለበት ሲቀር እንደገና አዙረው ያንኑ ያድርጉ፣ ከዚያም ዙሩን ሙሉ በሙሉ ይጨርሱ። ሁለት እግር ያወጡት ቀለበቶች ሲደርሱ ሁለቱን እግር እንደ አንድ ቀለበት ቆጥረው በአንድነት ይሥሯቸው፤ ይህ ከተዘነጋ ቀንዱ ጎን ላይ ቀዳዳ ይቀራል። አራተኛውና አምስተኛው ዙር የጉጡ ናቸው፤ የውጩን ግማሽ በግልባጭ፣ የውስጡን በቀጥታ ይሥሩ። በስድስተኛው ዙር የውጩ ግማሽ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀለበቶች በአንድነት፣ የውስጡም እንዲሁ በአንድነት ተሠርተው ከየግማሹ አንዳንድ ይቀነሳል።

በዚህ አኳኋን 24ቱ ወደ 22፣ ከዚያ ወደ 20 እየወረደ በዘጠነኛው ምዕራፍ መጨረሻ ስድስት ቀለበት ይቀራል። ትርፍ ረድፍ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ምዕራፎች ብቻ ነው፤ ዘጠነኛው ላይ ቀለበቶቹ ስለሚያንሱ አያስፈልግም። ስድስቱን ቀለበት ስድስት ተጨማሪ ተራ ዙር ሠርተው ይዝጉ። ሲጠናቀቅ የውስጡ ጎን 20 ሴንቲ ሜትር፣ የውጩ ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጫፉም ከመነሻው አቅጣጫ ከ90 ዲግሪ በላይ ዞሮ ወደ ኋላ ያመለክታል።

ቀንዱ ይበልጥ ወይም ያነሰ እንዲጎብጥ ብፈልግስ?

የመጉበጡ መጠን የሚወሰነው በትርፍ ረድፎቹ ብዛትና በቀንዱ ውፍረት ነው። በዚህ ልክ እያንዳንዱ ትርፍ ረድፍ፣ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ፣ የውጩን ጎን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ በላይ ያስረዝመዋል። ይህ መሠረቱ ላይ፣ ማለትም ቀንዱ ወፍራም በሆነበት ቦታ፣ ከ10 ዲግሪ ብዙም ያልበለጠ መዞር ሲሰጥ፣ ወደ መካከሉ ሲደርስ ከ15 ዲግሪ በላይ ይሰጣል። ስለዚህ ከጫፉ አካባቢ አንድ ትርፍ ረድፍ መጨመር ከሥሩ ከመጨመር ይልቅ መልኩን ይለውጠዋል። ቀንዱ ቀና ብሎ ተነሥቶ ጫፉ ላይ እንዲታጠፍ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ትርፉን ያስቀር፤ ከመነሻው ጀምሮ እኩል የተቀለሰ የሚፈልግ ደግሞ ከላይ እንደተገለጸው ይቀጥል። የተፈጥሮውን መልክ የሚያስመስለው ሁለተኛው ነው።

ሁለቱ ቀንዶች ግራና ቀኝ ተብለው ተቃራኒ ሆነው መሠራት አለባቸው?

አያስፈልግም፤ የዋልያ ቀንድ ደግነቱም ይኸው ነው። የበግ ቀንድ ወደ ጎን ስለሚጠመዘዝ አንዱ የሌላው ግልባጭ መሆን አለበት፤ የዋልያው ግን ሁለቱም ወደ ኋላ ስለሚያዘነብሉ አንድ ዓይነት ሁለት ቀንድ ሠርቶ መስፋት ብቻ በቂ ነው። ጫፎቻቸው በመጠኑ እንዲራራቁ ሲሰፉ እያንዳንዱን በጥቂቱ ወደ ራሱ ጎን ማዞር ይበቃል። ሁለተኛውን ቀንድ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ሰሞን ቢሠሩት መልካም ነው፤ የእጅ አጠባበቅ ስለሚለዋወጥ፣ ሳምንታት ቆይቶ የተሠራው ቀንድ አንዳንድ ጊዜ በጣት ውፍረት ያህል አጥሮ ይገኛል።

ጉጦቹ ጎልተው አልታዩም፤ ምን ይደረግ?

ሁለት ዙር ግልባጭ ጉጡን ከፍ ያደርገዋል፤ ቀንዱ በደንብ ካልተሞላ ግን ጉጡ ተጠቅልሎ ይሰወራል። ስለዚህ መሙያውን አጥብቀው ከሞሉ በኋላ ብቻ ይፍረዱ። ያኔም ካነሰ፣ በአምስተኛው ዙር ላይ የውጩን ግማሽ ቀለበቶች ከአራት ዙር በታች ካሉት አቻዎቻቸው ጋር በአንድነት መሥራት ይቻላል፤ ያኔ ሥራው ታጥፎ እውነተኛ እጥፋት ይወጣዋል። ይህን የመረጠ ሰው እጥፋቱ የውጩን ጎን ስለሚያሳጥረው በየምዕራፉ አንድ ሳይሆን ሦስት ትርፍ ረድፍ ማስገባት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቀንዱ ይቃናል ወይም ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል።

ቀንዱ በምን ይሞላል? ሽቦ ቢገባበትስ?

የትራስ ፋይበር ቀላል፣ የሚታጠብና ቶሎ የሚደርቅ በመሆኑ ከሁሉም ይሻላል። ጥጥ ውኃ ይይዛል፣ ሲቆይም ይጓጉላል። የክርና የጨርቅ ቁርጥራጭ ከባድ ነው። ፋይበሩን በአንድ ጊዜ ጠቅጥቆ ማስገባት እብጠትና ጉድጓድ ስለሚፈጥር፣ በጣት የሚያዝ ያህል እየቆነጠሩ መጀመሪያ ጫፉን፣ በእርሳስ ደንዳና ጎን እየገፉ፣ ከዚያ ወደ መሠረቱ እየመጡ መሙላት ይገባል። የውጩ ጎን ይበልጥ መሙያ ይፈልጋል። ሽቦን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፤ አይግባ። ጫፉ በጊዜ ብዛት ክሩን ቀዶ ይወጣል፣ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ደግሞ የጎረቤትን ዓይን ሊወጋ ይችላል። በትርፍ ረድፍ የተሠራ ቀንድ ያለ ሽቦ ቅርጹን ይጠብቃል።

ቀንዱን የት ላይ ልስፋው? ኮፍያው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተትስ?

የዋልያ ቀንዶች ከግንባሩ በላይ ተቀራርበው ይበቅላሉ። ስለዚህ ኮፍያው ታጥፎ ካለቀ በኋላ ከፊት ጠርዙ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ መሠረቶች መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ ይሰፋል። ከዚህ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር የሁለቱም ክብደት ወደ ማጅራት ይሄድና ኮፍያውን ይጎትተዋል። ከመስፋቱ በፊት ኮፍያውን በልኩ በተነፋ ፊኛ ወይም በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጎ ቀንዶቹን በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ፣ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተሰፋ ቀንድ ሲለበስ ሁልጊዜ ጠማማ ሆኖ ይገኛል።

የሚሰፋው በተቀመጠው የክር ጅራት ነው። የመሠረቱን እያንዳንዱን ቀለበት ከኮፍያው አንድ ቀለበት ጋር እያያያዙ ዙሪያውን ይስፉ፤ ጥቂት ሲቀር መሠረቱ ላይ ተጨማሪ ፋይበር አስገብተው ይዝጉት። ከዚያ ከመጀመሪያው ስፌት ከፍ ብለው፣ የቀንዱን ሁለተኛ ዙር ይዘው አንድ ጊዜ ደግመው ይስፉ። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ያለው ቀንድ መሠረቱ ላይ እንደ ማጠፊያ ይተጣጠፋል። በመጨረሻም ከትራፊው ቡናማ ክር ሁለቱንም መሠረቶች የሚሸፍን 12 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሠርተው ከኮፍያው ውስጥ በኩል ይስፉበት። ይህ መደገፊያ ክብደቱን ለሰፊ ቦታ ያከፋፍላል፣ የስፌቱ ቋጠሮም ራስን እንዳይቆጠቁጥ ይጋርዳል። ከሥራው ሁሉ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ቀንዱ የወደቀበት ኮፍያ ሲታይም አብዛኛውን ጊዜ መደገፊያ የሌለው ነው።

ጆሮውና ጺሙስ?

ለጆሮው በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 20 ቀለበት ጭነው በዙር ስድስት ዙር ይሥሩ፤ ከዚያ በየሁለተኛው ዙር ከግራና ከቀኝ ጎን ሁለት ሁለት እየቀነሱ አራት ቀለበት ሲቀር ይዝጉት። አይሞላም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ መሠረቱ አንድ ጊዜ ተቆንጥጦ ይሰፋል፣ ያኔ መካከሉ ሰርጎድ ይላል። ቦታው ከቀንዱ በስተጎን ዝቅ ብሎ ሲሆን፣ አቀማመጡ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ የቆመ መሆን የለበትም፤ የቆመ ጆሮ ዋልያውን አህያ ያስመስለዋል።

ጺሙ ለአዋቂ ብቻ ይመከራል። ከኮፍያው ሁለት ጎን ጆሮ ላይ የሚወርዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ክዳኖች ይሠሩና፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ማሰሪያ ከአገጭ በታች በአንድ ቁልፍ ይገናኛሉ። ከማሰሪያው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ጥቁር ክሮች እጥፍ ተደርገው በኪሮሽ መርፌ እየተጎተቱ ይቋጠራሉ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ታች ሾጠጥ ብሎ እንዲታይ በመቀስ ይከረከማሉ።

ለሕፃንና ለልጅ ሲሠራ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

አንገት ሥር የሚታሰር ክር ወይም ገመድ ለልጅ ኮፍያ ፈጽሞ አይደረግም፤ መጫወቻ ላይ ወይም በር ላይ ተይዞ ሊያንቅ ይችላል። በአውሮፓ የልጆች ልብስ ገመዶችን የሚመለከተው ኢኤን 14682 የተባለው መስፈርትም ለትንንሽ ልጆች በራስና በአንገት አካባቢ ማሰሪያ ገመድ እንዳይኖር ይከለክላል። ዓይን የሚጨምር ሰው በቁልፍ ፋንታ በክር ይጥለፈው፤ ቁልፍ ተነቅሎ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ሕፃን ኮፍያውን ለብሶ እንዲተኛም አይፈቀድ። የልጅ ቀንድ በ16 ቀለበት ተጀምሮ በአምስት ምዕራፍ የሚያልቅ፣ ከ12 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቢሆን ይበቃል፤ ልጁ ቀንዱ ከበደኝ ብሎ ባይናገርም ኮፍያውን አሥር ጊዜ አውልቆ ሲጥል ያስታውቃል።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የት ይግባ?

በታጠፈው ጠርዝ ላይ ቢሆን ያምራል። የሰንደቁን ቅደም ተከተል ለመጠበቅ አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ ቀዩ ከታች መሆን አለበት። ሥራው ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ ግን ቀድሞ የሚሠራው ቀዩ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ የመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር በቡናማ ክር ተሠርቶ፣ ቀለማቱ ለውጩ እጥፋት በአራት አራት ዙር ይገባሉ። በግልባጭ ቀለበት ላይ አዲስ ቀለም ሲጀመር የቀድሞው ቀለም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ስለሚታይ፣ ቀለም የሚለወጥበትን ዙር ሁሉንም በቀጥታ ቀለበት መሥራት ንጹሕ መስመር ይሰጣል። ቀንዱን በሦስቱ ቀለማት መሥራት ግን አንመክርም፤ ጉጡም ቅርጹም በቀለሙ ይዋጣሉ።

ኪሮሽ ብቻ ነው የምችለው፤ ልሠራው እችላለሁ?

በሚገባ። የኪሮሽ ሥራ ከሹራብ የጠጠረ ስለሆነ ለቀንዱ እንዲያውም ይመቻል፤ በውጩ ግማሽ ረጅም፣ በውስጡ ግማሽ አጭር የኪሮሽ ዓይን እየሠሩ መሄድ ያለ ትርፍ ረድፍ ያጎብጠዋል። ለኮፍያው አካል ግን ሹራብ ይሻላል፣ ምክንያቱም የኪሮሽ ኮፍያ ያን ያህል ተለጥጦ አይዝም። አካሉን በሹራብ የሚሠራለት ሰው ያገኘ ቀንዱን በኪሮሽ ቢያደርገው ጥሩ ጥምረት ነው።

የቫይኪንግ ባርኔጣ ንድፍ አለኝ፤ እርሱን ለዋልያ ልጠቀምበት?

አካሉን መጠቀም ይቻላል፣ ቀንዱንና አቀማመጡን ግን አይደለም። በእነዚያ ንድፎች ቀንዱ ከጆሮ በላይ ግራና ቀኝ ወጥቶ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ያ ከዋልያ ይልቅ በሬ ይመስላል። እግረ መንገዳችንን፣ ቫይኪንጎች ባለ ቀንድ የራስ ቁር ለብሰው ይዋጉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ መልኩን ያስፋፋው በ1876 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባይሮይት ከተማ ለቀረበ ኦፔራ ካርል ኤሚል ዶፕለር የነደፈው የመድረክ ልብስ ነው።

እንዴት ይታጠባል?

ለብ ባለ ውኃ በእጅ፣ ሳይታሽ፣ እየተጫኑ ብቻ ይታጠባል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ይኮማተራል፣ ወደ ልኩም አይመለስም። ሲወጣ አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ከተመጠጠ በኋላ ፊኛ ወይም ሳህን ላይ ተደፍቶ፣ ቀንዶቹ በቅርጻቸው ተስተካክለው፣ በጥላ ይደርቃል። የቀንዱ ውስጥ ከላዩ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ሲጨብጡት ቅዝቃዜ እስከተሰማ ድረስ ወደ ቁም ሣጥን አይግባ። አክሪሊክ የጋለ ካውያ አይነካውም፤ ከነካው ክሩ ይሟሽሻል፣ የመለጠጥ ኃይሉንም ያጣል።

በዚሁ መሠረት የአንበሳ ኮፍያ ይሠራል?

ይሠራል። አካሉ አንድ ነው፤ ቀንዱ ይቀራል፣ ጆሮው አጥሮ ይከብባል፣ በጠርዙና በጆሮ ክዳኖቹ ዙሪያ ጎፈሩ በጺሙ አሠራር እየተቋጠረ ይወርዳል። ጎፈሩ ብዙ ክር ስለሚበላ ለእርሱ ብቻ ሌላ 100 ግራም ይዘጋጅ። በልጆች ሥዕል እንደለመድነው ብርቱካናማ ከማድረግ ይልቅ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ክር ተቀላቅሎ ቢቋጠር ይመረጣል፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በአንበሳ ግቢ የሚታወቁት አንበሶች ጎፈራቸው ጥቁር ነው፣ እስከ ደረታቸውም ይወርዳል።